የአለቃ ትንፋሽ

አናጢውን በሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም «ሚሊ» ነው የሚለው። ለምን ብትሉ፣ ሰውየው ዕድሜ ልኩን «ትንሽ ጠጋ አድርገው» ብሎ አያውቅማ! «ሦስት ሚሊ ወደ ግራ» ነው የሚለው። ሚስቱ ሻይ ስትቀዳለት እንኳ ብርጭቆውን በዓይኑ ለክቶ «ሁለት ሚሊ ጎድሏል» ይላታል። እሷ ደግሞ መልስ አይቸግራት፣ «እንግዲያው ሜትርህን ይዘህ ተነሣና ራስህ ሙላው» ትለዋለች። ልጅ አልወለዱም። አንድ ውሻ ነበራቸው፤ ስሙ አለቃ።

አለቃ ስሙን ያገኘው ሠርቶበት ነው። ከቡችላነቱ ጀምሮ የሚሊ አናጢ ቤት በር ላይ ተጋድሞ፣ የሚገባና የሚወጣውን ሲቆጣጠር ነው ያረጀው። አንድ ወንበር ተሠርቶ ሊወጣ ሲል ብድግ ይልና አራቱንም እግር በተራ ያሸታል። እሱ ሳያሸት የወጣ ዕቃ የለም። ከጎን ሱቅ ያለው ቁልፍ ሠሪ፣ መቼም ነገረኛ ነው፣ ደንበኛ ዕቃውን ተሸክሞ ሲያልፍ «ለመሆኑ አለቃው አይቶታል?» እያለ ያሾፋል። ትልቅ፣ ቡኒ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ዘሩ ከምን ከምን እንደተቀላቀለ ፈጣሪ ብቻ የሚያውቀው ውሻ ነው። መጮህ አይወድም። ሚሊ «ና» ካለው ይመጣል፣ «ቆይ» ካለው ይቆያል። ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ክፉም ይሁን ደግ፣ ሚሊ ያለውን ይሰማል።

ሳሉ የጀመረው ካረጀ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮ እንደ መጥረግ ያለ ነገር ነበር። ሚሊ «አጥንት ሰንቅሮት ነው» አለ። አጥንቱ አልወጣ ሲል «ብርድ ነው» አለ። ሙቀት መጥቶ ብርዱ ሲያልፍ ደግሞ «እርጅና ነው፣ እኔስ ጠዋት ስነሣ አልስልም?» አለ። ሰው እኮ ማየት የማይፈልገው ነገር ሲመጣበት የሚደረድረው ምክንያት አያልቅም! ሚስቱ ግን ዓይኗ አይስትም። ውሻው ደረጃ ሲወጣ በየፎቁ እየቆመ፣ ጎኑ እንደ ወናፍ ሲነፋና ሲጎድል አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ውሻ ትንፋሽ እያጠረው ነው። ነገ ሐኪም ቤት ካልወሰድከው እኔ እወስደዋለሁ። ያን ጊዜ ግን አንተንም አብሬ ነው የማስመረምርህ፤ ጭንቅላትህን» አለችው።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስታወራ የማትቸኩል፣ እጇ የረጋ። ማዳመጫዋን አለቃ ደረት ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ወዲያ አዙራ አዳመጠች፣ ወዲህ አዙራ አዳመጠች። ራጅ አነሣችው። አለቃ ጠረጴዛው ላይ «ቆይ» ስለተባለ ፀጥ ብሎ ቆመ፤ ጭራው ብቻ ሚሊን ባየ ቁጥር ይወዛወዛል።

«ጋሼ» አለች ሐኪሟ፣ «ወደ ሳንባው አየር የሚያስገቡት ቧንቧዎች ቆስለው ቆስለው ግድግዳቸው ወፍሯል። ዛሬ የመጣ በሽታ አይደለም፤ ቆይቷል። አይድንም። ግን በደንብ ከተያዘ አብሮት መኖር ይችላል።»

«በደንብ ማለት እንዴት ነው ዶክተር? በደንብ የሚባል ነገር አይገባኝም፤ ልኩን ይንገሩኝ።»

«በመድኃኒትና በንጹሕ አየር ነው። ለመሆኑ ቀን ቀን የት ነው የሚውለው?»

ሚሊ ኮራ ብሎ «ከኔ ጋራ ነዋ! አናጢ ቤት» አለ። ብሎም የሐኪሟን ፊት አየ። ቀጥሎ የገዛ እጅጌውን አየ። ከአለቃ ጀርባ ላይ እጁን ሲያነሣ የእንጨት ብናኝ ቡን ብሎ መብራቱ ውስጥ ተንሳፈፈ።

«እኔ ነኛ» አለ ቀስ ብሎ።

«እርስዎ አይደሉም። ብናኙ ብቻውን ነው ያመጣው ማለትም አልችልም። ግን ብናኝ ውስጥ እየዋለ መድኃኒት ብንሰጠው ዋጋ የለውም። ከእንግዲህ ቤት ይዋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚሊ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አለቃ እንደ ልቡ እንዲተነፍስ፣ እሱም ከአለቃ ሳይለይ የቀረችውን ዕድሜ አብረው እንዲጨርሱ። ሁለቱም እንዲሆንለት ነው የፈለገው። አንዱን ትተህ አንዱን ያዝ ቢሉት ጆሮውን የሚሰጥ ሰው አልነበረም።

ማስታመሙን በሚሊ ደንብ ነው የያዘው። መድኃኒቱ አስም ያለበት ሰው እንደሚስበው ያለ የሚነፋ ነገር ነው፤ ቱቦ አለው፣ ቱቦው ጫፍ ላይ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ጭንብል አለ። ጭንብሉ ግን የአለቃን ረጅም አፍ በቅጡ አልገጥም አለ፤ በጎንና በጎን አየር ያስወጣል። ሚሊ ውሻው ተኝቶ ሳለ አፉን ለካው። ከዚያ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቀለበት ቆርጦ፣ በስስ ስፖንጅ ለብጦ፣ ጭንብሉ ዙሪያ ገጠመለት። ውስጡን የእንቁላል አስኳል ቀብቶ እያስላሰ አለማመደው። ሐኪሟ ስታየው ሳቋ መጣ፤ «ጋሼ፣ ለሌሎቹም ይሥሩልን እንጂ» አለችው። ሚሊ ያን ቀን ከደስታው ብዛት ደረጃውን ሲወጣ ያፏጭ ነበር።

ሐኪሟ ያዘዘችው እንፋሎት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። መታጠቢያ ቤቱን ዘግቶ ሙቅ ውሃ ይከፍትና ሁለቱም እዚያ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሚሊ በርጩማ ላይ፣ አለቃ እግሩ ሥር። አክታው ላላ ሲል እጁን እንደ ጭልፋ አጉብጦ የውሻውን ጎንና ጎን መታ መታ ያደርግለታል። እዚያ ውስጥ ሲሆን ድሮ የሠራቸውን ቁም ሣጥኖች ታሪክ ያወራለታል፤ የማን ቤት እንደ ገቡ፣ የትኛው በር እንዳስቸገረው። ሚስቱ በሩን እያንኳኳች፣ «ኧረ ሁለታችሁም ተቀቀላችሁ! ልብስ ማጠቢያ ፈልጌ ነው!» ትላለች።

የከበደው ሰላምታው ነበር። አለቃ ቀኑን ሙሉ ከበሩ ሥር ተጋድሞ ይጠብቅና፣ ሚሊ ሲገባ ዘሎ አፍንጫውን ሱሪው ውስጥ ይቀብራል። ሱሪው ደግሞ ብናኝ ነው። ወዲያው ያ ሳል ይነሣበታል፤ አንገቱን አስግጎ፣ እግሩን አንፈራጦ። በዚህ ምክንያት ሚስቱ ሕግ አወጣች፤ ሚሊ ልብሱን ደረጃው ላይ አውልቆ፣ ንጹሑን ለብሶ ነው የሚገባው። አንድ ቀን ከላይ ፎቅ ያሉት ሴትዮ ሲወርዱ በካናቴራና በውስጥ ሱሪ ቆሞ አገኙት። «ውይ በሞትኩት፣ አባረረችህ እንዴ?» አሉት። ሚሊም ሱሪውን በእጁ እንደያዘ «የለም፣ ውሻው ነው» አላቸው። ሴትዮዋ ምን እንደተረዱ እግዜር ይወቀው፤ ከዚያ በኋላ ሚስቱን ባዩ ቁጥር ከንፈር ይመጥጡላታል።

አናጢ ቤቱም ጭር አለበት። ቁልፍ ሠሪው አንድ ቀን ብቅ ብሎ፣ «ወዳጄ፣ አለቃህ ከቀረ ወዲህ ወንበሮችህ ተንጋደዱ» ቢለው፣ ሚሊ አጎንብሶ መላጉን ቀጠለ። ቁልፍ ሠሪው አፍሮ ሄደ።

ሚሊ ደግሞ ሲያዝን እጁ አርፎ አይቀመጥም። ለአለቃ አልጋ ልሥራለት አለ። ከድሮ ያስቀመጠውን ጥሩ እንጨት አወጣ። አለቃ እግሩን ብዙ ሳያነሣ እንዲገባ አንዱን ጎን ዝቅ አደረገው። ተኝቶ ሲተነፍስ እንዲቀለው የራስጌውን በኩል በልኩ ከፍ አደረገው። አንድ ምስማር አልመታበትም፤ እንጨት በእንጨት ነው የገጠመው። እንዲህ ያለ አልጋ ለሰርገኛ ሠርቶ አያውቅም ብላችሁ አላጋነንኩም።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሚሊ ጥሬ እንጨት ከእጁ አውጥቶ አያውቅም። ቫርኒሽ ያልተቀባ ዕቃ ለሱ ያላለቀ ዕቃ ነው፤ ነውር ነው። እናም ቀባው፤ አለስልሶ ደገመው። በጣቱ ነካው፣ ደርቋል። ለአናጢ ደረቀ ማለት አለቀ ማለት ነው። ሽታው? አይ ሽታ! የሚሊ አፍንጫ ቫርኒሽ ማሽተት ከተወ ስንት ዘመኑ! ሚስቱ ብትኖር ገና ደረጃው ላይ ነበር የምታስቆመው። እሷ ግን ከከተማ ወጣ ብለው ወደሚኖሩት ታላቅ እህቷ ዘንድ ሄዳለች፤ እዚያው ልታድር ነው። ሚሊ አልጋውን ተሸክሞ አስገባ፤ ብርድ እንዳይመታው ብሎ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ፤ ብርድ ልብስ አነጠፈና አለቃን ጠራው።

አለቃ ገባ፣ አሸተተና ወጣ። ሚሊ ሳቀ። «ለመድህ መሬቱን፣ አንተ ገጠሬ! ና ግባ።» አለቃ ገባ፣ አሁንም ወጣ። በዚህ ጊዜ ሚሊ ትንሽ ቅር አለው፤ የደከመበት ነዋ። አንገቱን ይዞ መልሶ አስገባውና «ቆይ» አለው።

አለቃ ቆየ።

ሊነጋ ሲል ሚሊ የነቃው በሳል አይደለም፤ በዝምታ ነው። ብድግ ብሎ ሲያየው አለቃ አልጋው ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ አፉን ከፍቶ፣ ክርኖቹን አንፈራጦ፣ ለእያንዳንዷ ትንፋሽ ሰውነቱ በሙሉ እየታገለ። ድዱ ሰማያዊ ሆኗል። ከአልጋው ግን አልወጣም። ሚሊ እንዴት እንዳነሣው፣ በደረጃው እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ቁልፍ ሠሪው ሱቁን ሊከፍት በመኪናው በደጃቸው ሲያልፍ ነበር፤ ሲያያቸው ምንም ሳይጠይቅ አቁሞ አሳፈራቸው። ያ ቀልደኛ ሰው መንገዱን ሙሉ ጥሩምባውን ብቻ እየነፋ ነዳ።

ሐኪሟ አለቃን ኦክስጅን የሚገባበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ አስገባችው፤ መርፌ ወጋችው። ትንሽ ረጋ ሲል ወደ ሚሊ ዞረች።

«ጋሼ፣ ቤት ውስጥ አዲስ የገባ ነገር አለ? ጭስ፣ ቀለም፣ መድኃኒት?»

«አልጋ ሠራሁለት» አለ ሚሊ። «ቫርኒሽ ቀባሁት። ሁለት ጊዜ ወጥቶ ነበር ዶክተር። እያወቀ ነው የወጣው። እኔ ነኝ የመለስኩት፣ ቆይ ያልኩት እኔ ነኝ» ብሎ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቁልፍ ሠሪው ትከሻውን ይዞት ቆመ።

ሚስቱ ከእህቷ ቤት በርራ መጣች። ሚሊ ስድቡን ለመቀበል አንገቱን ደፍቶ ጠበቃት። ይገባኛል ብሏል። እሷ ግን አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘችው። መስታወቱ ውስጥ አለቃ ጭራውን አንድ ጊዜ አነሣ አደረገ።

«ያዘዝከውን ሁሉ ይሰማል እኮ» አለችው። «ስለዚህ ማሰብ ያለብን እኛ ነን። እህቴ ዘንድ እንውሰደው፤ ዛፍ ነው፣ ሣር ነው፣ መኪና አይደርስም። እስኪያገግም።»

«እስኪያገግም ብቻ» አለ ሚሊ።

«እስኪያገግም አልኩህ እኮ።»

ታላቅ እህቷ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሚሊ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ውሻ አይወዱም። በስልክ ሲነገራቸው፣ «ይምጣ፤ ግን ቤቴ ውስጥ አይገባም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ!» ብለው ነበር። ሚሊ ወስዶት ጭንብሉን እንዴት እንደሚይዙ ሊያስረዳቸው ሲጀምር ከእጁ ነጠቁት። «ወዲያ በል! ስንቱን ሕፃን ያስተነፈስኩ ሴት ውሻ ያቅተኛል?» ብለው በአንድ እጃቸው አገጩን፣ በአንድ እጃቸው መድኃኒቱን ይዘው ሰጡት። ሚሊ ሳይሰነባበት ተደብቆ ወጣ። አውቶቡሱ ውስጥ ባዶ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ኪሱ ከተተው።

አናጢ ቤቱ ውስጥ ያደረገውን ብታዩ! እንጨት የሚያለሰልሰውን ማሽን ነቅሎ አወጣ፤ ዱቄት የመሰለውን ብናኝ የሚያወጣው እሱ ነዋ። ወደ እጅ መላጊያው ተመለሰ፤ መላጊያ ፍቅፋቂ ይጥላል እንጂ አያቦንም። ቫርኒሹን ከነቆርቆሮው ጓሮ ጥግ ወዳለች ክፍል አባረረው። ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ መደርደሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ፤ አየር የሚስብ ማራገቢያ መስኮቱ ላይ ገጠመ። ደንበኛ ሲያስቸኩለው «በእጅ ነው የምሠራው፣ ከቸኮልክ ሌላ ጋ ሂድ» ይላል። ቁልፍ ሠሪው ገብቶ ዙሪያውን አየና፣ «ጫማ ላውልቅ እንዴ?» አለው። ሚሊ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

አለቃን መልሶ ማምጣት ይችል እንደሆነ ሐኪሟን ሄዶ ጠየቃት። የሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራት። እሷም አዳምጣው ስታበቃ፣ «ጥሩ አድርገዋል። ግን እንደ ሜዳ አየር ይሆናል ብዬ አልዋሽዎትም። ይሞክሩት፤ እሱ ራሱ ይነግረናል» አለችው። ሚሊ የሰማው «ይሞክሩት» የሚለውን ብቻ ነው።

ሊያመጣው የሄደ ዕለት ጢሙን ተላጨ። ኮቱን ሚስቱ አጥባለት፣ ገላውን ሁለት ጊዜ ታጥቦ፣ የውሻውን የደረት መታጠቂያ በላስቲክ ከረጢት ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ። የእትዬን የግቢ በር ሲከፍት አለቃ ከዛፉ ሥር ቀና አለ። አየው። ከዚያ ሮጠ። ልብ በሉ፣ ሮጠ! ደረጃ መውጣት ያቃተው ውሻ፣ ጆሮው እየተርገበገበ፣ ያን ሁሉ ሣር አቋርጦ ሮጠ። ሚሊ ተንበርክኮ እጁን ዘረጋ፤ አለቃ መጥቶ አፍንጫውን ኮቱ ውስጥ ቀበረ፤ እንደ ድሮው፣ እስከ ጆሮው ድረስ።

ሳለ።

አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ተያያዘበት። አንገቱን አስግጎ፣ እግሩን አንፈራጦ። ሚሊ ኮቱን አውልቆ ወዲያ ወረወረው። እትዬ ከቤት እየተጣደፉ ወጡ።

«ምነው? ምን ነካው? እኔ እኮ ድኗል ብዬ ነበር» አሉ። «ይሄን ሳል ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ!»

ምንም ክፋት አስበው አይደለም፤ ገርሟቸው ነው። ሚሊ ግን ባለበት ቀረ። ያን ሁሉ አጥቦ፣ ያን ሁሉ ጠርጎ! የዕድሜ ልኩ እንጨት በሳሙና የሚለቅ አልሆነም።

አለቃ ሳሉ ሲለቀው መጥቶ እግሩ ሥር ተኛ። እትዬ ሻይ አመጡ፤ ሚሊ ብርጭቆውን ለመለካት እንኳ ትዝ አላለውም። «ማታ ማታስ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ድብን ብሎ ነው የሚተኛው» አሉት። «የት?» ሲላቸው እትዬ ፊታቸውን አዞሩ። «እ... አልጋዬ ላይ ነው፣ እግሬ ሥር፤ ምን ላድርግ፣ ወለሉ ይበርዳል!» ሚሊ ተቀምጦ አለቃ ሲተነፍስ አዳመጠ፤ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፣ ሳይታገል። እንዲህ ሲተነፍስ ሰምቶት አያውቅም፤ ወይም ሲሰማው የነበረውን ረስቶታል።

የአውቶቡሱ ሰዓት ሲደርስ ሚሊ መታጠቂያውን አወጣ። አለቃ ወዲያው ብድግ አለ፤ ደረቱን ሰጠው፤ ጭራውን እያወዛወዘ እስከ በሩ አብሮት ሄደ። ወዴት አላለም። እሳት ውስጥም ቢሉት ይሄዳል። ሚሊ የበሩን መወርወሪያ እንደያዘ ቆመ። ቆመና፣ አጎንብሶ መታጠቂያውን ፈታው።

«እትዬ፣ እዚሁ ይሁን።»

«ልትወስደው አልነበር እንዴ የመጣኸው?»

«ነበር» አለ ሚሊ። እትዬም የሰው ፊት ማንበብ ያውቃሉና ወደ ቤት ገብተው ግቢውን ለሁለቱ ተዉላቸው።

አለቃ ግራ ገብቶት አየው፤ አፍንጫውን ሊያስጠጋ መጣ። ሚሊ በዚህ ጊዜ ወደ ኋላ ሸሸት አለ፤ ከዚያን ቀን በፊት አንድም ቀን ሸሽቶት አያውቅም። እጁን ብቻ ዘርግቶ፣ ክንዱ እስከሚደርስ ድረስ፣ ግንባሩን አሻሸው።

«አንተ ብቻ ተንፍስ» አለው። «መመላለሱን ለኔ ተወው።»